የመጨረሻው ምዕራፍ ዘበኛ

ዴንማርክ በዓለም ዋንጫ ስድስት ጎል ባገባችብን ዓመት አባቴ ሰው ፊት አዋረደኝ። አዋረደኝ የምለው ያኔ የተሰማኝ እሱ ስለሆነ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ሲፈርድ ይግባኝ የለውም።

ነገሩ የሆነው ሞንቴቪዴዮ መሀል ከተማ፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ቤት ውስጥ ነው። ደራሲው ፋውስቶ ባልሳሞ ሊያነብ መጥቶ ነበር። አባቴ የወንጀል ልቦለድ ካገኘ እህል ውሃ የማይል ሰው ነው፤ የማንንም ያነባል፣ የባልሳሞ ግን ለብቻው ነው። የባልሳሞ መርማሪ ቪልቼስ ይባላል። ቪልቼስ በስምንት መጽሐፍ ስምንት ገዳይ ይዟል፤ የገዛ ሚስቱን የገደለውን ግን አልያዘም። ሚስትየው ኤልቪራ በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ እርሾ ልትገዛ እንደወጣች ወንዝ ዳር ሞታ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ በየመጽሐፉ አንድ ፍንጭ ጠብ ይላል እንጂ ገዳዩ አይታወቅም። ገና ያልወጣው ዘጠነኛው የመጨረሻው ነው፣ በእሱ ይታወቃል ተብሎ ነበር።

አባቴ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። መጽሐፉን ከትኬት ሳጥኑ ጎን ያስቀምጥና በሁለት ፌርማታ መሀል ግማሽ ገጽ ያነባል። ደንበኞቹ ሲሳፈሩ፣ "እህ አልሲደስ፣ ዛሬስ ማንን ጠረጠርክ?" ይሉት ነበር። እሱም፣ "ምስጢር ነው፣ ወደ ኋላ እለፉ፣ ወደ ኋላ ቦታ አለ!" ይላል።

የዚያን ዕለት ንባቡ አለቀና ጥያቄ ያለው ተባለ። አንዲት የፀጉር አንገትጌ ያለው ካፖርት የለበሰች ሴት ስለ ዝናብ አገላለጹ ጠየቀች። አንድ ተማሪ ስለማላውቀው ነገር ጠየቀ። ከዚያ አባቴ እጁን አውጥቶ ተነሳ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶት ነበር፤ እኔ ግን አዲስ ኮት ገዝቶ ነው ብዬ ነበር።

"አቶ ባልሳሞ፣ ኤልቪራን የገደላት ማነው?" አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። "ወይ ጉድ! እኚህ ሰውዬ ደግሞ ከየት መጡ?" አለች ባለ ፀጉር አንገትጌዋ። ባልሳሞም ሳቀ። "ወዳጄ፣ ሚስቴ እንኳን ሃያ ሁለት ዓመት ለምናኝ አልነገርኳትም። ለእርስዎ ብነግርዎ ዛሬ የማድረው ደጅ ነው" አለ።

አባቴ ግን አልተቀመጠም። "ይገባኛል፤ እኔ እንደው ማወቅ ስለፈለግኩ ነው" አለ።

"ቁጭ በል አንተ! የሰው ደስታ አታበላሽ!" አለ ከኋላ አንዱ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሰዎቹ ሳቅ አይደለም የጎዳኝ። የጎዳኝ እኛ ቤት ያለውን ሕግ ያወጣው እሱ ራሱ አባቴ መሆኑ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው። አባቴ አንድ አመል ነበረው፤ መጽሐፍ ከጀመረ ትዕግሥት አጥቶ መጨረሻውን ገልጦ ያያል። ካየ በኋላ ደግሞ ይናደዳል፣ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይጠቁራል። ስለዚህ ማንበብ ከጀመርኩበት ዕድሜ ጀምሮ ለእኔ ሥራ ሰጠኝ። እሁድ እሁድ ከጎዳና ገበያው አሮጌ መጽሐፍ ገዝቶ ሲመጣ፣ እናቴ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ሙጫ ትሠራልናለች፤ እኔ ከጋዜጣ ቀጭን ቁራጭ እቀድና የመጨረሻውን ምዕራፍ ዙሪያውን አሽገዋለሁ። እሽጉ ላይ ስሜን እጽፋለሁ፤ ሲልቫና ፒንቶስ። አንብቦ እዚያ ሲደርስ መጽሐፉን ያመጣልኛል፤ እሽጉ አለመነካቱን መርምሬ በወጥ ቤት ቢላ እከፍትለታለሁ።

"ስሚ" ብሎኝ ነበር የሾመኝ ቀን፣ ተንበርክኮ ዓይን ዓይኔን እያየ። "ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ። ብቆጣሽም እንዳትሰጪኝ። ባለቅስ እንኳን እንዳትሰሚኝ። ያን ጊዜ የማወራው እኔ አይደለሁም፣ አመሌ ነው። ገባሽ የኔ ዘበኛ?"

"ገባኝ አባዬ።"

አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ የምሩን ለመነኝ። ከረሜላ ሰጠኝ፣ ተቆጣኝ፣ የታመመ ሰው ላይ ይጨከናል ወይ አለኝ። አልሰጠሁትም። ሲሻለው ለሰፈሩ ሁሉ አወራልኝ። "ይቺ ልጅ እሳት የላሰች ናት፣ ባንክ ብትጠብቅ ሌባ አይደርስበትም!" እያለ። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው መቶ ሰው ፊት ቆሞ ገዳዩን ንገሩኝ ያለው። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩትም። እሱም ግንባሩን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

በዚያ ሰሞን አባቴ ሥራ መሄድ አቆመ። "እረፍት ሰጡኝ" አለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይና ቴርሞሱን ይዞ በር ላይ ይጠብቀኛል። ይከሳ ነበር፤ "ሐኪሙ ሥጋ ከለከለኝ" አለኝ። በእኛ አገር ሥጋ መከልከል ከባድ ቅጣት ስለሆነ ሰው በዚያ ቢከሳ አይገርምም ብዬ ተውኩት። እናቴ ሌሊት የሰው ልብስ ስለምትሰፋ ነው ዓይኗ የሚቀላው አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴና ጎረቤታችን ወይዘሮ ኦፌሊያ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሲያወሩ ደረስኩ። ዝናብ ስለነበረ እንደ አገራችን ልማድ ቂጣ እየጠበሱ ነው።

"እስከ መቼ ነው የምትደብቋት ኔሊዳ? ልጅቷ እኮ ሞኝ አይደለችም" አለች ወይዘሮ ኦፌሊያ።

"እሱ ነዋ አይነገራት ያለው። አስማለኝ፣ እኔም ማልኩለት። ምን ላድርግ?"

"እና መጨረሻው መቼ ነው ይላሉ?"

እናቴ መልስ ስትሰጥ ሳልሰማ ከበሩ ሸሸሁ። እኛ ቤት የማይነገር ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመጽሐፍ መጨረሻ ነው። ስለዚህ እነሱም የኤልቪራን ገዳይ ያወቁ መሰለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ በዝናብ ወደ ግቢ ወጣሁ፣ እንዳልሰማ ብዬ። እናቴ በስተርጅናዋ ይህን ስነግራት፣ "እኔ ደግሞ ሰምተሽ ውጭ ወጥተሽ የምታለቅሺ መስሎኝ፤ ዝናብ ነው ፊቴን ያረጠበው ብለሽ የዋሸሽኝ መስሎኝ" አለችኝ። ሁለታችንም እርስ በርስ ስንጠባበቅ ነበር ማለት ነው።

የባልሳሞ ሁለተኛው ንባብ በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ አባቴ ግን በየአግዳሚ ወንበሩ ይቀመጣል። "ተይ እስቲ ሰዉን እንይ" ይላል። በዚያ ብርድ የሚታይ ሰው አልነበረም።

አሥራ አራት ሰው ነው የመጣው፤ ቆጥሬያለሁ። የጋዝ ምድጃው ሽታ ራስ ያዞራል። አባቴ በዚህ ጊዜ ጥያቄ አልጠየቀም፣ እኔም እፎይ አልኩ። ባልሳሞ መጽሐፍ ሲፈርም ግን ለሁሉም ተራውን እየለቀቀ መጨረሻ ቀረ። ተራችን ሲደርስ፣ "ሂጂ እስቲ መደርደሪያው ላይ ያልያዝነውን መጽሐፍ ፈልጊ" ብሎ አራቀኝ።

ከመደርደሪያው ጎን አጮልቄ አየሁ። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ በዝግታ አወራ። ባልሳሞ የሚፈርምበትን ብዕር አቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ረጅም ጊዜ። ምን ዓይነት ሐፍረት የለሽ አባት ነው ያላት የሚል መሰለኝ። ስለዚህ ከእሱ ወገን መሆኔን እንዲያውቅ ግንባሬን ቋጥሬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

"አልችልም ወዳጄ" ሲል ሰማሁት፤ የአባቴን እጅጌ ይዞ። "ይመኑኝ፣ ብችል ኖሮ... አልችልም።"

ስንወጣ አላስቻለኝም። "አባዬ፣ ቆይ አንተ አታፍርም እንዴ?"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና የሰው ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። "አፍራለሁ እንጂ። ግን እስቲ ልጠይቅሽ፣ አንቺ ማወቅ አትፈልጊም?"

"ሲወጣ አነበዋለሁ! አንተም ሲወጣ ታነበዋለህ! ስምንት ወር ብቻ እኮ ነው የቀረው!"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለ። "ስምንት ወር ምን አላት።" እጁን ዘረጋልኝና ጎትቼ አስነሳሁት። ቀላል ነበር። ጎበዝ ሆኜ ነው ያነሳሁት ብዬ ደስ አለኝ።

ነሐሴ ላይ አባቴ ከአልጋ አይነሳም ነበር። ወገቡን ነው ተባልኩ። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የመጻሕፍት ባዛር ተከፍቶ ባልሳሞ እንደሚፈርም ጋዜጣ ላይ ወጣ። አባቴ ስምንተኛውን መጽሐፍ አንሶላው ላይ አስቀምጦ ጠራኝ።

"ከወይዘሮ ኦፌሊያ ጋር ሂጂ። የአልሲደስ ፒንቶስ ልጅ ነኝ በዪው። ሌላ ምንም አትበዪ። የሚሰጥሽ ነገር ካለ ተቀብለሽ ነዪ።"

"የሚሰጠኝ ምንድን ነው? ፊርማ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ፊርማ" አለ፤ ዓይኑን ግን ወደ ጣሪያው አደረገ። አመሉ መሆኑን ወዲያው አወቅኩ። ሹመቴ ትዝ አለኝ።

ባዛሩ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ወይዘሮ ኦፌሊያ ቆማ ቆማ ሰለቻትና ከጎን ባለው መሸጫ በምግብ አሠራር መጽሐፍ ዋጋ ልትከራከር ሄደች። ተራዬ ደረሰ።

"የአልሲደስ ፒንቶስ ልጅ ነኝ" አልኩ።

ባልሳሞ መጽሐፉን ሳይነካ ቦርሳውን ከፈተ። የታጠፈች ነጭ ፖስታ አወጣ፤ ጠርዟ ቆሽሿል፣ ብዙ ቀን ቦርሳ ውስጥ የከረመች መሆኗ ያስታውቃል። "አባትሽ የት አለ?"

"ቤት። ወገቡን አሞት ተኝቷል።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ብርድ ነው አልኩ። "ስሚኝ የኔ ልጅ። ይህን ለአባትሽ ስጪው። ለእሱ ብቻ፣ ዛሬውኑ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። እሺ?"

"መጨረሻው ነው?" አልኩት።

ጥቂት አሰበ። "አዎ፣ ስለ መጨረሻው ነው።"

እንግዲህ ይሄ ሰውዬም ተሸነፈ አልኩ በሆዴ። አባቴ ለምኖ ለምኖ ታላቁን ባልሳሞን አሸነፈው። በዓለም ላይ ሕጉን የምጠብቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፖስታዋን ከካፖርቴ ሥር፣ በነጩ የትምህርት ቤት ሽርጤ ኪስ ከተትኳት፤ ለወይዘሮ ኦፌሊያም ትንፍሽ አላልኩ።

ቤት ስንደርስ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባሁ። ዱቄት በውሃ በጠበጥኩ። ከጋዜጣ ቀድጄ ፖስታዋን ዙሪያዋን አሸግኩ፤ ስሜን ጻፍኩበት፣ ቀኑንም ጨመርኩ። ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከመሳቢያው ወረቀት ሥር ከተትኩና እጄን ታጥቤ ወደ አባቴ ሄድኩ።

ትራስ ደግፎ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ፀጉሩን አበጥሯል። ለእኔ ነው ያበጠረው፤ ወይም ለዜናው።

"እሺ? ምን አለ?"

"ፈረመልህ።" ውሸቴን ነው፣ መጽሐፉን እንኳን አልከፈተውም።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ምንም አልሰጠሽም? ወረቀት ነገር? ደህና አስታውሺ እስቲ የኔ ዘበኛ።"

"ምንም አልሰጠኝም አባዬ።"

ልቤ ድው ድው ይላል፤ በፍርሃት ሳይሆን በኩራት። ብለምንሽ፣ ብቆጣሽ፣ ባለቅስ ብሎኝ ነበርና ሁሉንም እጠብቅ ነበር። እሱ ግን ምንም አላደረገም። "አይ፣ ልክ ነው" አለ። "ደራሲ ነው፣ ደራሲ አይናገርም። እኔ ነኝ ያስቸገርኩት።" ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተኛ መስሎኝ በጫማዬ ጫፍ ወጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሞተ። ወይዘሮ ኦፌሊያ መጥታ ከክፍል ወሰደችኝና ቤቷ አስቀምጣ ትኩስ ወተት ሰጠችኝ፤ እሱን ጠጥቼ ሳልጨርስ ነገረችኝ። መጀመሪያ ያልኩት ነገር፣ "ዘጠነኛው እኮ አልወጣም" ነው። እሷም አቅፋኝ ስታለቅስ የልጅ ወሬ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኟም፣ ወረቀቱም በእጄ። እሽጉን አልከፈትኩትም። ለማን ብዬ? ገዳዩን ማወቅ የሚገባው ሰው ሳያውቅ ሞቶ እኔ ላውቅ? ዘጠነኛው መጽሐፍ ከተባለው ጊዜ ዘግይቶ በዓመት ከመንፈቁ ወጣ፤ ገዳዩ የሰፈሩ ፋርማሲስት ሆኖ ተገኘ። አንባቢው ሁሉ ተበሳጨ፤ የአባቴ የአውቶቡስ ጓደኞች፣ "እንኳን አልሲደስ አላነበበው" አሉ።

ፖስታዋን የከፈትኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቤት ስንለቅ መሳቢያው ሲገለበጥ ወደቀች። በወጥ ቤት ቢላ ከፈትኳት። አንድ ገጽ ናት።

"ውድ አቶ ፒንቶስ፤ ያን ዕለት አልችልም ያልኩዎት ስለማልፈልግ አይደለም። ኤልቪራን ማን እንደገደላት እኔም አላውቅም። ስምንት መጽሐፍ ጽፌም ገዳዩን አላውቀውም፤ ለአሳታሚዬም አልተናገርኩም። ሰው የቀረኝ ዕድሜ አጭር ነው፣ ልጄም አታውቅም ሲለኝ ውሸት ፈጥሬ ልነግረው አሰብኩ፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ። እርስዎ መጽሐፎቼን ከእኔ በላይ ያውቋቸዋል። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ። ማን ነው ብለው ያምናሉ? እንዳሉኝ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የሚጻፈውን አውቀው እንዲሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ቤት ነኝ። ስልክ ከከበደዎት ልጅዎ ትደውልልኝ።"

ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ። ወለሉ ላይ፣ በካርቶኖቹ መሀል ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብኩት። ለእናቴ ስለ ወጥ ቤቱ ወሬ እንደነገርኳት ይህን ልነግራት አልቻልኩም፤ ሳትሰማ ሞተች። ለሃያ ዓመት ያህል የመጽሐፍ ንባብ በሚባል ቦታ አልደረስኩም።

ባለፈው ክረምት ባልሳሞ በዚያው በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት እንደሚያነብ ሰማሁ። ሰማንያ አልፎታል። አሥር ጊዜ ልሂድ፣ አልሂድ ብዬ መጨረሻ ላይ ሄድኩ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ አንዲት ወጣት አነበበችለት። ሰልፍ ይዤ ዘጠነኛውን መጽሐፍ ፊቱ አስቀመጥኩ።

"ለማን ልበል?"

"ለአልሲደስ ፒንቶስ።"

ብዕሩ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። "የትኬት ቆራጩ" አለ። "ሁለት ወር ሙሉ ከስልኩ አጠገብ አልራቅኩም። ሚስቴ አበደ አለች። ተቀይሞኝ ነው ብዬ ተውኩት።"

"አልተቀየመዎትም። ደብዳቤው አልደረሰውም። እኔ ነኝ የደበቅኩበት" አልኩ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ እሽጉ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ወጥ ቤት ቢላው እየተርበተበትኩ ነገርኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሽማግሌው እጄን ያዘኝ፤ ይረግመኛል ወይም ይቅር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የልጅ ዓይን በሚመስል ጉጉት ወደ እኔ ጠጋ አለ።

"ፋርማሲስቱ ውሸት ነው፤ ሲጨንቀኝ የጻፍኩት ነው። አባትሽ ማን ነው አለ? ይህን ሁሉ ዓመት ማወቅ የምፈልገው እሱን ነው። ለአንቺማ ሳይነግርሽ አይቀርም።"

አባቴ ሊነግረኝ ነበር። ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠራኝ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝና፣ "እንግዲህ ሰውየው ካልነገረን፣ እኔ የጠረጠርኩትን ልንገርሽና አንቺ በኋላ ታረጋግጫለሽ" አለኝ። እኔ ሁለት ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ፣ እንዳልሰማው ጮክ ብዬ መዝፈን ጀመርኩ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስሙን ተናግሮት ጨርሶ ነበር። እስኪያበቃ ዘፈንኩ።

"አላውቅም" አልኩት ባልሳሞን። "አልሰማሁትም።"